ሁለት ሰው ካልሰማ

መጋቢት 4 ቀን

ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለፕሮፌሰር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የሚያመኝ ጠዋት ጠዋት ኩሬ ዳር ስንበረከክ ስለማረፍድ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። እናትህም ደህና ናቸው። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ስደርስ ፎቶህን ከመደርደሪያ አውርደው ለጎረቤት ያሳዩ ነበር። "ልጄ የውሃ ባለሙያ ነው፤ እዚያ አገር ውሃና ዓሣ የሚባል ነገር ያለ እሱ አይነካም" ይላሉ። እናቶቻችን የአጎት ልጆች ስለሆኑ ዝምድናችን ሲቆጠር ራቅ ይላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ቅርብ አድርጌ ቆጥሬው አብሬ ኮራሁ። በልጅነትህ ሬዲዮ ፈታተህ መግጠም ሲያቅትህ ፕሮፌሰር ያልንህ ለቀልድ ነበር፤ ይኸው እውነት ሆነ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ክፍሌ ውስጥ ሃያ ሦስት ልጆች አሉ፤ ትልቁ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ወረቀት ባሕር ተሻግሮ ሄዶ መልስ ይዞ እንደሚመጣ እንዲያዩ ፈልጌ ነው። መልስህን ግድግዳው ላይ በእነሱ ቁመት ልክ እሰቅለዋለሁ፤ እንዲያው በሞቴ የእጅ ጽሑፍህን አሳምርልኝ።

ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጀርባ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሲቆፈርበት የቀረ ጉድጓድ ውሃ ይዞ ኩሬ ሆኗል። ልጆቹ እዚያ እንቁራሪት ባዩ ቁጥር ድንጋይ ያነሱ ነበር። ያስተማሯቸው ወላጆቻቸው ናቸው፤ "ከነካሃት ኪንታሮት ታወጣብሃለች" እያሉ። ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። ጠዋት ጠዋት አምስት አምስት እየሆንን ኩሬው ዳር እንንበረከካለን። ደንብም አለን። ሳሙና የነካው እጅ ውሃው ውስጥ አይገባም። ከኩሬው ምንም ነገር ወደ ቤት አይወሰድም። ያየነውን ቆጥረን ሠንጠረዥ ላይ እንጽፋለን፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ያላየው ወይም ያልሰማው አይጻፍም። ይህችን የመጨረሻዋን ያወጣኋት የጥበቃው ልጅ አንድ ጠዋት ብቻውን ሄዶ "ሃምሳ አዞ ቆጠርኩ" ብሎ ስለመጣ ነው።

በቀደም እንቁላል አገኘን፤ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለበት ዝልግልግ ነገር። አሁን ተፈልፍሎ ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች ወጥተውበታል። ልጆቹ "ጭራዬ" ይሏቸዋል። ከሁሉም የባሰችው ለምንዬ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ "ለምን" ሳትል ውላ አታውቅም። ጭራቸው ሲጠፋ የት ይሄዳል፣ እግራቸው ለምን ከኋላ ይቀድማል፣ እኛስ ለምን ጭራ የለንም እያለች ጆሮዬን ትበላዋለች። ያልመጣች ቀን ግን ክፍሉ ባዶ ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ወላጆች ቢምቢ በዛ ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ቢምቢው ካልቀነሰ በመኪና አፈር አስመጥተው ኩሬውን ሊደፍኑት ነው። አንተ ባለሙያ ነህና ምን እናድርግ? ከቻልክ ደግሞ አንድ አጉሊ መነጽር ላክልኝ።

እታለምህ


መጋቢት 21 ቀን

ለተከበርሽ እታለም፣ ለሃያ ሦስቱ ትናንሽ ተመራማሪዎችም፤

ሰላምታዬ ከነ አክብሮቴ ይድረሳችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራው ቢበዛም።

ጥያቄያችሁ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጣት የሚያህሉ ትናንሽ ዓሣዎች ኩሬው ውስጥ ጨምሩ። የቢምቢ ልጅ ከበረራው በፊት የሚያድገው ውሃ ውስጥ ነው፤ ዓሣዎቹ እየለቀሙ ይጨርሱታል። እኔ በምሠራበት ድርጅት በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ለአንድ ኩሬ አርባ ዓሣ ይበቃል። መድኃኒት አትርጩ፣ አፈርም አያስፈልጋችሁም። ይህን በሙሉ እምነት እነግራችኋለሁ፤ ርእሰ መምህሩም ደብዳቤዬን ሊያዩት ይችላሉ።

አጉሊ መነጽሩን ሁለት አድርጌ ልኬዋለሁ፤ አንዱ ለለምንዬ ይሁን።

ወንድምሽ፣ ፕሮፌሰር


ሚያዝያ 9 ቀን

ለተከበርከው ወንድሜ፤

የላክህልን መነጽር ደርሷል፤ ዕድሜ ይስጥህ፤ እጅህ አይንጠፍ። ደብዳቤህ ከሰሌዳው አጠገብ ተሰቅሏል። ማንበብ የማይችሉት እንኳ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል፤ "ዓሣ ጨምሩ" የምትለዋን መስመር በልባቸው ይዘዋታል።

ርእሰ መምህሩ አንብበው "እንግዲህ ባለሙያ ካለ ምን እላለሁ" ብለው የአፈሩን መኪና መለሱት። ከወንዙ ማዶ ዓሣ የሚያረባ ሰው አለ፤ እሱ ዘንድ ሄጄ አርባ ዓሣ በባልዲ አመጣሁ። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ አንድ ሲለቁ ብታይ አንጀትህን ይበሉት ነበር። አንዱ "ደህና ሁን፣ ቢምቢ ብላ" ብሎ መርቆ ለቀቀው።

ለምንዬ ብቻ አልለቀቀችም። ዓሣዋን በብርጭቆ እንደያዘች ቆማ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ እኔ መልሱን ስላላወቅኩት እንዳለ ጻፍኩልህ። "ዓሣዎቹ የቢምቢ ልጅ ብቻ እንዲበሉ ማን ነገራቸው? ጭራዬን እንዳይበሉስ?" አለችኝ። አጎትሽን እንጠይቀዋለን አልኳት። መልስህ እስኪመጣ አልለቅም ብላ ግጥም አለች፤ በስንት ልመና ነው የለቀቀችው። በየቀኑ "ጻፈ?" ትለኛለችና ቶሎ መልስላት።

በተረፈ ሥዕል ያለው የእንቁራሪት መጽሐፍ ካገኘህ አትርሳን።

እታለምህ


ሚያዝያ 28 ቀን

ለተከበርሽ እታለም፤

እንደምን ከረማችሁ? መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፤ ሥዕሎቹ በጣም ያምራሉ። ሰሞኑን ሥራ ስለተደራረበብኝ በሰፊው መጻፍ አልቻልኩም። ለለምንዬ ጥያቄሽ ጎበዝ ጥያቄ ነው ብሎሻል በያት። እናቴን ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 14 ቀን

ለወንድሜ፤

ጤናህን እየተመኘሁ ይህን እጽፋለሁ። መጽሐፉ ደርሶናል፤ ገና አልከፈትነውም።

ጭራዬዎቹ አልቀዋል። መጀመሪያ ሠንጠረዡ ላይ መቶ ሰማንያ ነበሩ፤ ሙሉውን ረድፍ የለምንዬ እጅ ነው የሞላው። ከዚያ ዘጠና፣ ከዚያ ሃያ ሆኑ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ አንድም የለም። ትልልቆቹም እንቁራሪቶች ድምፃቸው ጠፍቷል። ውሃው ሞቆ ይሆን? ሳሙና የነካ እጅ ገብቶ ይሆን? ከመንገዱ የመጣ ዘይት ይሆን? ሁሉንም አስቤ ራሴን አዞረኝ።

ያጠፋሁትን ደግሞ ልንገርህ። ለምንዬ ከሦስት ሳምንት በፊት አንዷን ጭራዬ በጭማቂ ጠርሙስ ደብቃ ቤቷ ወስዳ ነበር። ላድናት ነው ያለችው። በሁለተኛው ቀን ሞተችባት። ኩሬው ባዶ መሆኑን ያየን ሰኞ ጠርሙሱን ይዛ መጥታ ራሷ ነገረችኝ። ተናድጄ ነበር፤ ለማን እንደተናደድኩም እንጃ። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ "ደንብ ሲፈርስ ይኸው ነው የሚመጣው" አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሌላ ልጅ ሆናለች። እኔ አንዷን ስለገደልኩ ሌሎቹ ተቀይመው ሄዱ ብላ ለእናቷ ነግራታለች። ኩሬው ዳር ስንሄድ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ራቅ ብላ ትቆማለች። እናቷ እንደምትለኝ እቤት እጇን በሳሙና ስትታጠብ ነው የምትውለው። ለምን የሚለውንም ቃል ትታዋለች። ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ አንድም ጊዜ አላለችም።

አንተ ባለሙያው ምን ትላለህ? ምን አጥፍተን ነው?

እታለምህ


ሰኔ 20 ቀን

ለተከበርሽ እታለም፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ከዚያም የሥራ ቦታችን እድሳት ላይ ነበረ።

ስለ ኩሬው የጻፍሽው በጣም አሳዝኖኛል። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ ያጋጥማል፤ የሙቀት መለዋወጥ ሊሆን ይችላል፣ የውሃው ሁኔታም ሊሆን ይችላል። ብዙ አትጨነቂ። በሳጥን ሃያ ሦስት ጥንድ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ልኬላችኋለሁ፤ ሃያ ሁለቱ ሰማያዊ ነው፣ የለምንዬ ብቻ ቀይ። መረብና ጓንትም አለበት። ቀለምም ጨምሬያለሁ። ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ካለ እባክሽ ጻፊልኝ፤ ምንም ቢሆን እልካለሁ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 2 ቀን

ለወንድሜ፤

ሳጥኑ ደርሷል። ሃያ ሁለቱ ጫማቸውን አድርገው አዳራሹን በጩኸት አናግተውታል። ለምንዬ ቀዩን አላደረገችም። አስቀምጪልኝ አለችኝ። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ እርሳስ ስትይዝ ያማታል፤ ቅባት ስቀባላት ዝም ብላ ሰጠችኝ። ድሮ ቢሆን ቅባቱ ከምን እንደተሠራ ሳትጠይቅ አትለቀኝም ነበር።

ነገ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ይዘጋል። እናቷ በመስከረም መልሼ አላመጣት ይሆናል ብላኛለች፤ ኩሬው በሕልሟ እየመጣ ያስለቅሳታል።

ፕሮፌሰር፣ ከእንግዲህ ምንም ዕቃ አትላክ። ልጅቷ በሚያዝያ አንድ ጥያቄ ጠይቃህ ነበር። የእሷን መልስ ላክልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

እታለምህ


ነሐሴ 5 ቀን

እታለም፤

ሰላምታውን ለዛሬ ልተወው፤ እሱ ላይ ስደርስ ነው ሁልጊዜ መዋሸት የምጀምረው።

እኔ የውሃ ባለሙያ አይደለሁም። የምሠራው ለቤት የሚሆን ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው፤ በአንድ በኩል ጫማ ሰፊ፣ በሌላ በኩል ፀጉር አስተካካይ አለ። ስልሳ አንድ የመስታወት ሳጥን አለን። ጠዋት ገብቼ ውስጣቸው የበቀለውን አረንጓዴ ነገር በምላጭ እፍቃለሁ፣ አሮጌውን ውሃ በጎማ እስባለሁ፣ መስታወቱን በስፖንጅ አጥባለሁ። ማታ አውቶብስ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰው አፍንጫውን ይዞ ቦታ ይቀይራል። ሥራው ሥራ ነው፤ ነውሩ እሱ አይደለም። መጀመሪያ እናቴ በስልክ ምን ትሠራለህ ስትለኝ "ከውሃና ከዓሣ ጋር ነው የምሠራው" አልኳት። በሳምንቱ ስደውልላት ባለሙያ ሆኜ ጠበቅኋት። ደስታዋን ሰምቼ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ሰባት ዓመት ሆነው።

ዓሣ ጨምሩ ያልኳችሁ አንድ ደንበኛ ለሌላው ሲያወራ ከጀርባቸው መስታወት እያጠብኩ የሰማሁትን ነው። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ እኔም አላውቀውም። "በሙሉ እምነት" ብዬ ጻፍኩ፣ ወረቀቱንም አሳምሬ አጠፍኩት።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። የለምንዬ ጥያቄ የደረሰኝ ሚያዝያ 24 ነው። በዚያው ቀን ባለሱቋን አሮጊት ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። "ዓሣ አፉ የቻለውን ሁሉ ይበላል። የእንቁራሪት እንቁላል ያለበት ኩሬ ውስጥ ዓሣ የሚጨምር ደግሞ የትኛው ጅል ነው?" አሉ። "አንድ ዘመዴ" አልኳቸው። እታለም፣ እዚያም ዋሸሁ፤ ጅሉን አንቺ አደረግኩሽ።

ስለዚህ ሚያዝያ 24 ቀን አውቄዋለሁ። ያን ቀን ስልክ ደውዬ አውጧቸው ብል ዘጠናዎቹ ይተርፉ ነበር፤ ቢያንስ ሃያዎቹ። እኔ ግን አራት ቀን አሰብኩና መጽሐፍ ላክሁ። ስለ ጠርሙሱ ስትጽፊልኝ ደግሞ ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ቦት ጫማ ላክሁ።  ጉንፋንም አልያዘኝም፣ እድሳትም አልነበረም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መብት ባይኖረኝም። በግንቦቱ ደብዳቤሽ ሙቀቱን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱን ሁሉ ዘርዝረሻል። ዓሣ የሚል ቃል አንድም አልነበረበትም። ደጋግሜ ፈለግኩት። አንቺም አውቀሽው ነበር?

የለምንዬ መልስ ይኸውልሽ። ማንም አልነገራቸውም። ጭራዬዎቹን የበሉት ዓሣዎቹ ናቸው፣ ዓሣዎቹን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ። ይህን ደብዳቤ ያኛው በተሰቀለበት ቦታ ስቀይው። ለእናቴ እኔው እነግራታለሁ።

መስታወት አጣቢው


መስከረም 24 ቀን

ወንድሜ፤

ደብዳቤህ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር። አንብቤው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ክረምቱን ሁሉ እዚያው ነበረ። መልሴ የዘገየው በፖስታው ምክንያት አይደለም።

አዎ፣ አውቄው ነበር። የመጽሐፍህ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ በፊት፣ አንድ ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ብቻዬን ኩሬው ዳር ነበርኩ። አንዱ ዓሣ ከሥሬ አለፈ፤ ከአፉ ጭራ ወጥቶ ይወራጫል። ዓይኔ እያየ ዋጠው። በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገርህ? ሁለት ሰው ያላየው አይጻፍም አልኩ። ለልጆች ያወጣሁትን ደንብ ለራሴ መደበቂያ አደረግኩት። ዓሣውን ያመጣሁት እኔ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር የተሟገትኩት እኔ፣ አሁን ምን ብዬ ልመለስ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ያቺ ልጅ ጠርሙሷን ይዛ መጣችልኝ። ጥፋተኛ ፍለጋ ሳልወጣ ጥፋተኛ በእግሯ መጣች። እያወቅኩ ነው "ደንብ ሲፈርስ" ያልኳት። አንተ ሩቅ ሆነህ ዝም አልክ፤ እኔ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው ዝም ያልኩት፣ እጇን ቅባት እየቀባሁ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው እቤታቸው ሄጄ ለእናቷ ነገርኳት። ቆጣ ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ ላይ ግን እንዴት አስቻለሽ?" ብቻ አለችኝ።  ያም ሆኖ ልጅቷን አመጣቻት፤ እኔው ራሴ ለክፍሉ ሁሉ እንድናገር ቃል አስገብታኝ።

ደብዳቤህን ለእነሱ እንዲገባ አድርጌ አነበብኩላቸው። ከዚያ የእኔን ጨመርኩ።  ለምንዬ ከኋላ ተነስታ "የእኔዋስ?" አለች። ያችን አንዷን የገደላት የጠርሙሱ ውሃ ነው፣ አንቺ ልታድኛት ነበር፤ ሌሎቹ ግን በእኛ ነው የሞቱት አልኳት። አንድ ጣቷን አነሳችና "እኔ አንድ። እናንተ ስንት?" አለችኝ። መቶ ሰባ ዘጠኝ አልኳት። ሠንጠረዡን ሄዳ አየችው። ከዚያ ዞራ፣ "ለምን ዝም አላችሁ?" አለች።

ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዋ ለምን ናት። እኔ እንድትመለስ ስመኛት የነበረችው ቃል እንዲህ ሆና መጣችልኝ። ፈርቼ ነው አልኳት። አጎትሽም ፈርቶ ነው። "እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ተናገርኩ" አለችና ተቀመጠች።

በነጋታው ዓሣዎቹን ማውጣት ጀመርን። በመረብህ ስናወጣ ለምንዬ ያንኑ የጭማቂ ጠርሙስ አመጣች፤ ለካ አልጋዋ ሥር አስቀምጣው ነበር። እየሞላች ወደ ባልዲ ትገለብጣለች። አርባውን ብቻ መስሎህ እንደሆን ተዋልደው መቶ አሥራ ሁለት ሆነዋል። ሁሉንም ለሰውየው መለስንለት። ቢምቢውን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ምንጩን ደረሱበት፤ በየአጥሩ ሥር የተጣለ ጣሳና አሮጌ ጎማ ውስጥ የቆመ ውሃ ነው። እየዞሩ ገለበጡት፤ ሰፈሩ ቀለለው።

ርእሰ መምህሩ ግን አሁን ሌላ ነገር ያዙ። "እንቁራሪት ከሌለው ይህ ኩሬ ሳይሆን ጉድጓድ ነው፤ ልጅ ሳይገባበት እደፍነዋለሁ" አሉኝ። ብለምናቸው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሰጡኝ። ሠንጠረዡ ላይ አንድ እንቁራሪት ከተጻፈ ይቀራል፤ ካልተጻፈ አፈር ይመጣል።

ደብዳቤህ ያኛው በነበረበት ቦታ ተሰቅሏል። ያንተ ስም ከሥሩ እንዳለ የእኔንም ጻፍኩበት።

እታለምህ


ጥቅምት 15 ቀን

እታለም፤

ጤና ይስጥሽ፤ ለልጆቹም። ደብዳቤሽን ሱቁ ጓሮ ቆሜ አነበብኩት። መቶ ሰባ ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር ስልሳ አንዱን ሳጥን ሳጥብ ሁሉ ስቆጥረው ዋልኩ።

ለእናቴ ነገርኳት።  ከዚያ "መስታወቱ ግን ይጠራልሃል?" አለችኝ። ይጠራል አልኳት። "እንግዲያው ደህና" አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሳችም። ስታገኚያት ምን እንደምትል ጻፊልኝ።

ለባለሱቋም ያ ጅል እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ገምተው ነበር።

ለለምንዬ ምን እንደምላት አጣሁ። ይቅርታ በያት፤ ይቅር እንድትለኝ ግን አትጠይቂያት።

መስታወት አጣቢው


ኅዳር 22 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ ፎቶህን ከመደርደሪያው አላወረዱትም፤ ትናንት ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ልጄ ዓሣ ቤት ይሠራል፤ ጽዳቱ በእሱ ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ስልኩን የማያነሱት አኩርፈው ነው፤ ደውል፣ አትተው።

ሠንጠረዡ ላይ ከመስከረም ጀምሮ ያለው ዜሮ ነው። በየጠዋቱ ለምንዬና እኔ ልጆቹ ሳይገቡ ኩሬው ዳር ቁጭ ብለን እንሰማለን። ቀዩን ቦት ጫማ አድርጋዋለች፤ ጠቧታል፤ አውልቂው ብላት አሻፈረኝ አለች። እጇ ድኗል።

ዛሬ ጠዋት ክንዴን ጨብጣ "ሰማሽ?" አለችኝ። ከሸምበቆው ማዶ እንቁራሪት አንድ ጊዜ ጮኸች አለች። እኔ ልቤ ርእሰ መምህሩ ጋ ነበር፤ ስምንት ቀን ቀረን እያልኩ አፌ ሳይቀር ያጉተመትም ነበር። አልሰማሁም። ትንፋሼን ይዤ ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም።

ግን ልጅቷ አትዋሽም። እርሳሱን አውጥቼ ሰጠኋት። "ጻፊው፣ አንድ በይ፤ እኔም ሰምቻለሁ" አልኳት። ወንድሜ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ይህን አልኳት። ኩሬውን ላድን ነው፤ አንተም እኮ ያኔ ኩሬውን ልታድን ነበር።

እርሳሱን ይዛ ትክ ብላ አየችኝ። "አልሰማሽም" አለች። ከዚያ ተንበርክካ በዚያ ትልልቅ ጽሑፏ ዜሮ ጻፈች። ኩሬው በአፈር እንደሚደፈን ታውቃለች፤ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

"ለምን አልሰማሽም?" አለችኝ ስንመለስ። እያወራሁ ስለነበር ነው አልኳት። ነገ ቀድሜሽ መጥቼ አብሬሽ እሰማለሁ አልኳት።

"ነገ ግን ዝም በይ" አለችኝ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ኅዳር አልቆ ነገሩ ለይቶለት ይሆናል። ፈጣሪ ከዚያ ሁሉ መስታወት መሐል ጤናህን ይጠብቅልህ። እኔ ነገ በጠዋት ኩሬው ዳር ነኝ፤ አፌን ዘግቼ።

እታለምህ